«ጻፈው» እያልን የምንበላው

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? የምኖረው ጀሞ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለት ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 11,400 ብር ነው። ለኪራይ 4,500፣ ቀድሞ ለደረሰኝ እቁብ 2,000 እከፍላለሁ፤ እቁቡ አራት ወር ይቀረዋል። የሱቅ ዱቤ በየወሩ 2,800 ይደርሳል። በስልክ የተበደርኩት 3,000 ብር ደመወዝ ሲገባ ይቆረጣል፤ በማግስቱ መልሼ እበደራለሁ። የሥራ ባልደረባዬም 6,000 ብር አላት እኔ ላይ፤ ኮሪደር ላይ ሳያት እሸሻለሁ። አሁን ሰፈር ውስጥ የስምንት ሰው እቁብ ሊጀመር ነው፤ በወር 2,500፣ ዕጣው 20,000። ዳኛው የመጀመሪያውን ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ሁሉንም ዘግቼ ብገላገልስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሂሳብሽ ልክ ነው። ዕዳሽ ሲደመር 19,800 ብር ይሆናል፤ እቁቡ ይሸፍነዋል፤ ወለድም የለውም። ቢሆንም አሁን አትግቢ።

በ2010 ዓ.ም. እኔም ይህንኑ አድርጌ ነበር። የ24,000 ብር እቁብ የመጀመሪያውን ዕጣ ወስጄ ዕዳዬን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ዘጋሁ። የዚያን ቀን ደስታዬ ዛሬም ትዝ ይለኛል። በአምስተኛው ወር የሱቁ ደብተር ተመልሶ ሞላ። እቁቡ ደግሞ ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር።

ያነቃኝ ደብተሩ ነው። ባለሱቁን ለምኜ ወሰድኩትና የወሩን ዝርዝር ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። እንቁላል አንድ አንድ፣ ዘይት በትንሿ ጠርሙስ፣ ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ እንደገና ብስኩት። ግማሹን መግዛቴን እንኳ አላስታውስም። ልጄን «ጻፈው በለው» ብዬ ነበር የምልከው። ገንዘብ ይዤ ስወጣ ሁለት ሦስት ሱቅ ዞሬ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ በዱቤ ስወስድ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሩን ገልብጪ። ከዚያ ለባለሱቁ እውነቱን ንገሪው፦ የቆየውን በወር 700 እከፍልሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምገዛው በእጅ በእጅ ነው። አብዛኛው ባለሱቅ እሺ ይላል፤ የሚፈራው የሚጠፋ ደንበኛን ነው። የስልኩን ብድር ለጊዜው እንዳለ ተይው። ለወሩ 4,200 ብር ይቀርሻል። እስካሁን ከዱቤው ጋር የምትኖሪው በ4,900 ነበር። እንግዲህ ትግሉ በ700 ብር ላይ ነው።

ቀላል ነው አልልሽም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ግን ዘይቱን ሸማቾች ማኅበር ሲመጣ በትልቁ መግዛት፣ ሽንኩርትና ድንቹን ከእሁድ ገበያ ማምጣት፣ ምሳ ቋጥሮ መሄድ ያን ያህል ያተርፋል። እኔን አትርፎኛል። እድርሽን ግን እንዳትነኪ።

በአራት ወር ዱቤውም እቁቡም አብረው ያልቃሉ። በአምስተኛው ወር 2,700 ብር ነጻ ይወጣል። በዚያ የስልኩን ብድር ወደ 300 አውርጂው፤ በስድስተኛው ዝጊው። የቀረው ሁሉ ለባልደረባሽ ነው። የስልኩ የአገልግሎት ክፍያ ትንሽ ያጓድለው ይሆናል እንጂ በስምንተኛው ወር ገደማ ትጨርሻለሽ። ያ አዲሱ የሰፈር እቁብም የሚያልቀው በስምንት ወሩ ነበር።

ባልደረባሽን ነገ ጠዋት ራስሽ ሄደሽ አናግሪያት። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ እንደምትከፍያት ወሩን ጠርተሽ ንገሪያት። ገንዘቡ ከዘገየባት ይልቅ መሸሽሽ ሳይከፋት አይቀርም።

ለባለሱቁም አንድ ነገር ጨምሪለት፦ ልጆቹ ብቻቸውን ከመጡ ያለ ገንዘብ ምንም እንዳይሰጥ። የኔ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሶ አልቅሷል። በሦስተኛው ሳምንት መልስ ቆጥሮ ያመጣልኝ ጀመር።