ኮንቱር ለ65 ተማሪ፦ መጀመሪያ ድንች፣ ቀጥሎ ካርቶን

ሰላም መምህርት፣ «ዘጠነኛ ክፍል 65 ተማሪ አለኝ፤ ኮንቱር መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን) ሰሌዳ ላይ ብስልላቸውም አልገባቸው አለ፤ የኢትዮጵያን ካርታ በካርቶን ላሠራቸው ብል እንዴት ልጀምር?» ላሉት ነው። ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ግን በቀጥታ ካርቶኑ ውስጥ አይግቡ።

1. የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የድንች ይሁን። አምስት አምስት ሲሆኑ 13 ቡድን ይወጣቸዋል፤ ድንቹ በቁመቱ ለሁለት ስለሚከፈል 7 ትልልቅ ድንች ይበቃል። ግማሹን በተቆረጠው ገጹ አስቀምጠው፣ ጫፉ አካባቢ 2 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ሁለት ስቴኪኒ ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርገው ይውጉ። ስቴኪኒው ይወጣና ድንቹ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ይቆረጣል። የታችኛው ቁራጭ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በእርሳስ ይሰመራል፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች በኩል ነጥብ ይደረጋል። ቀጣዩ ቁራጭ ቀዳዳዎቹ ከነጥቦቹ ጋር ገጥመው ይሰመራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ጫፉ። ስቴኪኒው ከተዘለለ ቁራጮቹ ይዞሩና መስመሮቹ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ፤ ተማሪውም «ኮንቱሮች እርስ በርስ ይቆራረጣሉ» ብሎ ይይዛል። ያንን ከጭንቅላቱ ማውጣት ከማስተማሩ ይከብዳል። በገደሉ በኩል መስመሮቹ ለምን እንደተጠጋጉ ግን ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ያዩታል።

2. ካርቶኑን ከሰፈር ሱቅ ይሰብስቡ። ለዚህ ብለው ግዢ ክፍል ደብዳቤ አያስገቡ፤ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሴሚስተሩ ያልቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካርቶን ይሁን። አሥሩን ደርበው ይለኩና ለ10 ያካፍሉ፤ ተራው ካርቶን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ባለ ድርቡን ከዚያ ጋር አይቀላቅሉ።

ካርታውን በካሬ ያሳድጉ። መጽሐፉ ላይ አገሪቱ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነች፣ የእያንዳንዱን ካሬ ጎን ከ1 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ሲያሳድጉት 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስኬሉ ወደ 1፡2,000,000 ይጠጋል። በዚህ ስኬል 4,550 ሜትሩ ራስ ዳሽን ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም! ስለዚህ ከፍታው የራሱ ስኬል ይኑረው፦ አንድ ካርቶን 500 ሜትር። ይህ ከፍታውን 12 እጥፍ ገደማ ያጋንነዋል፤ ይህንንም ሞዴሉ ጥግ ላይ በትልቁ ይጻፉት።

ብዙ ሥራ ከንቱ የሚያስቀረው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ለእያንዳንዱ አንድ ካርቶን ይሰጣል። ያምራል፤ ግን ውሸት ነው። ቆላ ከ500 እስከ 1,500 ስለሆነ 1,000 ሜትር ይይዛል፤ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300፣ 800 ብቻ። ሁለቱም በአንድ ካርቶን ውፍረት ከቆሙ ተማሪው ከሞዴሉ ላይ ተዳፋት ሊያነብ አይችልም፤ የማስተማሩ ዓላማ ደግሞ እሱ ነበር። ከተጣበቀ በኋላም አይስተካከልም። ስለዚህ ከ500 እስከ 4,500 ድረስ በየ500 ሜትሩ 9 ንጣፍ፣ ከሥር ደግሞ የባሕር ወለል የሚሆን መሠረት። የካርታው መፍቻ ከ1,000 ወደ 2,000 የሚዘል ከሆነ ለዚያ ዝላይ ሁለት ካርቶን ይስጡ። የመጨረሻው ንጣፍ የምስር ፍሬ እንኳ አያክልም፤ ባሌም እዚያ አይደርስም፣ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው።

የአየር ንብረት ቀጠናው በቀለም ይምጣ። 500 እና 1,500 ንጣፍ ጠርዝ ላይ በትክክል ይወድቃሉ። 2,300 በ2,000 እና በ2,500 መካከል፣ 3,300 ደግሞ በ3,000 እና በ3,500 መካከል ናቸው፤ ሁለቱም ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ የርቀቱ ሦስት አምስተኛ ላይ። ይህን ተማሪዎቹ ራሳቸው አስልተው በእርሳስ ያስምሩ፤ ለኢንተርፖሌሽን (በሁለት የታወቁ ከፍታዎች መካከል ያለውን አስልቶ ለማግኘት) ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

ሲቆርጡ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሁለት መስመር ይሳል፦ አንዱ የሚቆረጠው፣ ሁለተኛው ቀጣዩ ንጣፍ የሚያርፍበት። ሁለተኛው ከሌለ ተራራው ይንሸራተታል። መቀስ ካርቶኑን ይጨፈልቀዋል፤ ካተር ይሻላል፣ ለአንድ ቡድን አንድ ብቻ፣ ሲቆርጡም እርስዎ አጠገባቸው ሆነው። ከዱቄት የተሠራ ሙጫ ካርቶኑን አርጥቦ ያጣምመዋል፤ አይጥም ይጠራል። የእንጨት ኮላ በብሩሽ ስስ አድርገው ቀብተው፣ መጽሐፍ ጭነው ያሳድሩት።

ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ነው፤ በእርስዎ ስኬል ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ። መቁረጥ አያስፈልግም፦ መሠረቱን እዚያ ቦታ ላይ በማንኪያ ጀርባ ጫን አድርገው ያሹት፣ የካርቶኑ ሆድ ይሰረጉዳል። ማንኪያውን ለተማሪ ይስጡት።