የሞተር መጋዝ ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ጠጋኙን አጣራ

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። ትልልቅ ዛፍ ለመጣልና ግንድ ለመቆራረጥ የሞተር መጋዝ ልትገዛ ነው። ስቲል 462 እና ሀስክቫርና 572 ኤክስፒ ላይ ዓይንህን ጥለሃል። «ገንዘቡን ካወጣሁት አይቀር ትልቁን ስቲል 661 ብወስድስ?» ብለህም ጠይቀሃል። እስካሁን የመለሱልህን አየኋቸው። አንዱ ስቲል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ ሌላው ሀስክቫርና ብሎ ይምላል። ክርክሩ የኳስ ደጋፊዎች ሆኗል። እኔ ሁለቱንም ይዤ ለዓመታት ስሠራ ስለኖርኩ የማንም ደጋፊ አይደለሁም። ስለ ራስ ቁርና ስለ መከላከያ ሱሪ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ ብዬ ልለፈው።

1. በወረቀት ላይ ያለው ልዩነት እንቅልፍ አይንሳህ። 462 የሞተሩ መጠን 72.2 ሲሲ፣ ጉልበቱ 4.4 ኪሎዋት ነው። 572 ደግሞ 70.6 ሲሲና 4.3 ኪሎዋት። ይቺን 0.1 ኪሎዋት እጅህ አይለያትም። በወጉ የተሞረደ ካቴና (ባለ ጥርሱ ሰንሰለት) ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። እጅህ የሚለየው ክብደቱን ነው። ያለ ካቴናና ያለ ባር (ካቴናው የሚዞርበት ረጅም ብረት) የ462 ክብደት 6 ኪሎ ነው፤ የ572 ደግሞ 6.6። ስድስት መቶ ግራም ምን አላት ትል ይሆናል። ጠዋት ምንም የላትም። ከሰዓት በኋላ የወደቀውን ዛፍ ቅርንጫፍ ስትመለምል ግን ወገብህ ይነግርሃል። ዳገት ለዳገት ተሸክመኸው የምትውል ከሆነ 462 ይሻልሃል። 572 በበኩሉ ጫን ስትለው አይደነግጥም፤ አያያዙም ለእኔ እጅ ተመችቶታል። በየትኛውም ብትሠራ አትጸጸትም።

ለሁለቱም 50 ሴንቲ ባር ግዛ። ረጅም ባር ያምራል፣ ሰውም ያያል። ነገር ግን ጠንካራ እንጨት ውስጥ ሙሉውን ባር ቀብረህ ስትቆርጥ 70 ሲሲ ሞተር ያቃስታል። ከባርህ የወፈረ ዛፍ ቢገጥምህ ከሁለት ወገን ገብተህ ትጥለዋለህ። ማጠፊያውን፣ ማለትም መሀል ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረውን እንጨት፣ ብቻ እንዳትበላው፤ ከግንዱ ውፍረት አንድ አሥረኛውን አስቀርለት። ዛፉን አቅጣጫ የሚያስይዘው እሱ ነው።

2. 661ን ተወው። እኔ ስላለኝ ነው የምነግርህ። 91.1 ሲሲ፣ 5.4 ኪሎዋት፣ ባዶውን 7.4 ኪሎ ነው። ረጅም ባር ገጥመህ ቤንዚንና ዘይት ስትሞላው ከ10 ኪሎ ያልፋል። ግንድ በቁመቱ ሰንጥቀህ ጣውላ የምታወጣ ከሆነ ወደር የለውም። ጣውላ ማውጣት ሞተሩን በሙሉ ጉልበት ለደቂቃዎች ያለ እረፍት ያሠራዋል፤ 70 ሲሲውን በዚህ ሥራ ብታሰቃየው ዕድሜው ያጥራል። ካቴናውም ይለያል። ለመሰንጠቅ ጥርሱ ወደ 10 ዲግሪ ይሞረዳል፣ ለመቁረጥ ግን 30 ገደማ ነው። ዛፍ ለመጣል ብቻ ከሆነ በ661 ትደክማለህ። የደከመ ሰው ደግሞ የባሩን ጫፍ የት እንዳደረሰ አያይም። የጫፉ የላይኛው ክፍል አንድ ነገር ከነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ይወረወራል።

3. ዋናው ይኼ ነው፤ ሌላውን ብትረሳ ይኼን ያዝልኝ። ከመግዛትህ በፊት የሚጠግንልህን ቤት ሄደህ እይ። መሸጫውን አላልኩም፣ ጥገናውን ነው።

የእኔ 70 ሲሲ መጋዝ አንድ ቀን ጠባዩ ተቀየረ። የማን ምርት እንደሆነ አልጠራም፣ ምክንያቱም የተበላሸው ዕቃ በማንኛውም መጋዝ ላይ የሚያልቅ ነው። ቃታውን ስለቀው ወዲያው ወደ ሚኒሞ (ሞተሩ ያለ ሥራ በዝግታ ወደሚዞርበት ፍጥነት) መውረድ ሲገባው ትንሽ እየጮኸ ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቃታውን ሳልነካም ካቴናው ይዞራል። የዋስትና ጊዜው አላለፈም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ማህተሙ ወዳለበት ጥገና ቤት ሄድኩ።

ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። እኔ እያስረዳሁ እሱ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ ካቻቪቴ አነሳና የሚኒሞውን ብሎን ትንሽ ፈታው። ድምፁ ወረደ። «ይኸው፣ ምንም የለውም» ብሎ መጋዙን ገፋ አደረገልኝ። «አየር ከሆነ ቦታ እየሳበ እንዳይሆን» ስለው «ቴክኒሻኑ አንተ ነህ እኔ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥምህ መጋዝህን አንስተህ ውጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራንክ ሻፍቱ በሁለቱም ጎኑ ኦይል ሲል አለው፤ የጣት ጫፍ የምታህል የጎማ ቀለበት። እሷ ስታልቅ ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ያላለፈ አየር ይስባል። አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ይቀጥናል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ስለሆነ ማለስለሻውም አብሮ ይቀንሳል። ሙቀቱ ይወጣል። ሚኒሞውን መቀነስ ድምፁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ግንድ መሀል እያለሁ ጉልበቱ ከዳውና ቀጥ አለ። ገመዱን ስስበው ቅልል አለኝ። ያ ቅለት ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቃል፤ ኮምፕሬሽን የለም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ አይታመቅም ማለት ነው።

ይዤው ተመለስኩ። ያው ሰውዬ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ዘይት ሳትቀላቅል ነው ያቃጠልከው። ዋስትና አይሸፍነውም» አለ። ደሜ ፈላ። እኔ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ለክቼ ነው የምቀላቅለው፤ 50 ለ1 ማለት ነው። ከዚያው ጄሪካን የጠጣው 661 ደህና እየሠራ ነበር። ከመጋዙ ታንከር ትንሽ ቤንዚን በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግኩለት። ቤንዚኑ ተነነ፣ ዘይቱ ግን ቅባቱን ወረቀቱ ላይ ትቶ ቀረ። አይቶት ዞረ።

ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ሳጥን) ፍታልኝ አልኩት፤ እምቢ አለ። እዚያው ግቢ ተቀምጬ ራሴ ፈታሁት። ማርሚታው ሲነሳ በቀዳዳው በኩል ፒስተኑ ይታያል። የጤነኛ ፒስተን ጎን ልሙጥ ነው። የእኔው ከላይ ወደ ታች ጥፍር የቧጨረው ይመስል ተጭሯል። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ሲሆን በአብዛኛው ሙቀት ወይም የዘይት ማነስ ነው። በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሆን ግን አቧራ አልፏልና የአየር ማጣሪያህን ጠርጥር። ይቺን ያዛት፤ ያገለገለ መጋዝ ስትገዛም ማርሚታውን አስፈትተህ እይ። ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን አግኝተሃል።

እነሱ ሲሊንደሩም ፒስተኑም አዲስ ይግባ አሉኝ። ትቼ ወጣሁ። የወሰድኩት ሞተር ሳይክል ወደሚጠግኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። መጋዝ ብዙም አይነኩም፣ ግን ሞተር ያውቃሉ። የአየር ማስገቢያውንና የጭስ መውጫውን በጎማ ደፈኑና በእጅ ፓምፕ ወደ 0.5 ባር ግፊት ሰጡት። ጸና። እኔ በቃ ኦይል ሲሉ ደህና ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ «ቆይ» አሉና በተቃራኒው አየሩን መሳብ ጀመሩ። የመለኪያው ቀስት ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። ሲሏ ሲገፏት ትዘጋለች፣ ሲስቧት ትከፈታለች። ብዙ ቤት ግፊቱን ብቻ ይለኩና «ደህና ነው» ይሉሃል። ሁለቱንም አስለካ፣ ያውም ዓይንህ እያየ።

ሲሊንደሩንም አልቀየርኩም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥንቃቄ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ ውጭ አየር ላይ ተነሳ። የአሲዱ ጠብታ ሽፋን የሌለውን አሉሚኒየም እንዳይነካ ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ጠንካራ ሽፋን ከሥር ሳይላጥ ተገኘ። አዲስ ፒስተን ከነቀለበቱ፣ ሁለት ኦይል ሲል፣ አንድ ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መሀል የሚገባ ማሸጊያ)። አለቀ። መጋዙ ዛሬም ይሠራል። መካኒኩ ያገኙትን ጽፈውልኝ ወረቀቱን ለጥገና ቤቱ ኃላፊ ሰጠሁ። ተቀበለኝ፣ «እናያለን» አለ፣ አላየም። ይቅርታ የሚባል ነገርም አልሰማሁም።

ስለዚህ አንተ ገንዘብህን ከመቁጠርህ በፊት ጥገና ክፍሉ ውስጥ ግባና እንዲህ ጠይቅ፦ ቫኪዩም መለኪያ (አየሩን ስቦ የሚለካው) አላችሁ? የዚህ ሞዴል ኦይል ሲል፣ የፍሪሲዮን ከበሮ፣ የዘይት ፓምፕ አሁን መደርደሪያችሁ ላይ አለ? «ይመጣል» ካሉህ የለም ማለት ነው። ለ572 ዕቃ ያለው ቤት ካገኘህ 572 ግዛ። ለ462 ከሆነ 462። የእኔ ምርጫ ይኼው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

4. የት ደረስኩ? አዎ፣ ካርቡራተሩ። ሁለቱም የጠራሃቸው መጋዞች ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ካርቡራተር ይዘው ይመጣሉ። የስቲሉ ኤም ትሮኒክ፣ የሀስክቫርናው አውቶ ቱን ይባላል። ጥሩ ነገር ነው። በብሎን የሚስተካከለውን ከፍታ ቦታ ላይ አስተካክለህ ቆላ ብታወርደው አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ እንደገና ካላስተካከልከው ፒስተን ይበላል። አዲሶቹ ይኼን ራሳቸው ይጨርሱታል። ችግሩ፣ ኦይል ሲሉ ማለቅ ሲጀምርም ቤንዚን እየጨመሩ በሽታውን ይደብቁልሃል። ስለዚህ ቃታ ለቀህ ድምፁ ቶሎ ካልወረደ ወይም ካቴናው ካልቆመ ሥራህን አቁም። «ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል» የሚልህን አትስማ።

ስቲል 500አይ የሚባለው ሌላ መጋዝም ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ካርቡራተር ጭራሽ የለውም፣ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚረጨው። 79.2 ሲሲ፣ 5 ኪሎዋት፣ 6.2 ኪሎ። አንድ ጊዜ ይዤው ሠርቼ ቀናሁ። መመርመሪያ መሣሪያው ያለው ጠጋኝ በአቅራቢያህ ከሌለ ግን ቅናትህን ይዘህ እለፈው።

5. ሞረድ አትቆጥብ። ካቴናው ቅንጣቢ መትፋቱን ትቶ ዱቄት ካወጣ ደንዟል፤ አትጫነው፣ ሞርደው። ለስሪ ኤት (3/8 ኢንች) ካቴና ስቲል 5.2 ሚሊ ሜትር፣ ሀስክቫርና 5.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይላሉ። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታም አትርሳት፣ ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትበል። ከዚያ በላይ ዝቅ ካደረግካት መጋዙ እንጨቱን እየነከሰ ይደነብርብሃል።

የግንዶችህን ውፍረትና እንጨቱ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ ጻፍልኝ። ጣውላም ታወጣ እንደሆነ ንገረኝ፤ የባሩን ርዝመትና የካቴናውን ዓይነት በዚያው ልክ እነግርሃለሁ።