ጥያቄና መልስ፦ ከወንዝ ሸለቆ በላይ ባሉ ደናማ ኮረብታዎች የአንድ ቀን የዙር ጉዞ

ከመላሹ፦ የምመልሰው ስለ አንድ ዓይነት ጉዞ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጠዋት ከወንዝ ዳር ተነሥቶ፣ ከሸለቆው በላይ ወዳሉት ደናማ ኮረብታዎች ወጥቶ፣ ተረተር ለተረተር ተጉዞ፣ በሌላ መንገድ በዚያው ቀን ወደ መነሻው ስለሚመለስ የእግር ጉዞ ነው። የከፍታ መስመሮችን (በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን) ማንበብና ኮምፓስ መያዝ እንደምታውቁ በመቁጠር እጽፋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሜ ላስቀምጥ፤ ደጋግሜም አነሣዋለሁ። በሄዱበት በሚመለሱበት ጉዞ የደከመው ሰው ባለበት ፊቱን ማዞር ይችላል፤ የሚመለስበትንም መንገድ አንድ ጊዜ አይቶታል። በዙር ጉዞ ግን እኩሌታው ካለፈ በኋላ መመለሱ ከመቀጠሉ ይረዝማል፤ የቀረው መንገድም ገና ያልታየ ነው። ስለዚህ «እዚህ ቦታ በዚህ ሰዓት ካልደረስን እንመለሳለን» የሚለው ውሳኔ ከመነሣታችሁ በፊት ካርታው ላይ በእርሳስ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ዙሩን በቀኝ ወይስ በግራ መጀመር ይሻላል?

መልስ፦ ቀኝና ግራ በራሳቸው ትርጉም የላቸውም፤ አቅጣጫውን የሚወስነው መሬቱ ነው። እኔ በመጀመሪያ የምመለከተው የወንዙን መሻገሪያ ነው። ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ካለ ጉዞው መጀመሪያ ላይ ይዋል። በጉዞው መጨረሻ ላይ ከዋለና ወንዙ በቀን ውስጥ ከሞላ፣ የደከማችሁት እናንተ ሊመሽ ሲል ወንዙን በኃይል ለመሻገር ወይም ዙሩን በሙሉ ወደ ኋላ ለመጓዝ ትገደዳላችሁ። እናንተ ባላችሁበት ጠብታ ሳይወርድ እንኳ፣ ከወንዙ ራስጌ፣ ማለትም ውሃው ከሚመጣበት ወገን፣ የዘነበው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ሊደርስባችሁ ይችላል።

ቀጥሎ የምመለከተው ተዳፋቱን ነው። ቀጥ ያለውን ወገን መውጫ፣ ዘርጋ ያለውን መውረጃ አደርጋለሁ። ዳገት ሳንባን ያደክማል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይጥልም፤ እርጥብ ቅጠል የተነጠፈበት ቀጥ ያለ ቁልቁለት ግን የዛለ ጉልበትን ይጠብቃል።

አብዛኛው ሰው የማያስበው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከሸለቆው ወደ ላይ ስትወጡ የኮረብታው ክንፎች (ከአናቱ ወደ ሸለቆው የሚወርዱት ተረተሮች) ሁሉ ወደ አንድ አናት ይሰበሰባሉ፤ በየትኛውም ክንፍ ብትወጡ ዞሮ ዞሮ የምትደርሱት እዚያው አናት ላይ ነው። ስትወርዱ ግን እነዚያው ክንፎች እየተለያዩ ይሄዳሉ። አናቱ ላይ 10 ዲግሪ ብቻ የሳተ ሰው ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ከመስመሩ ወደ 175 ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ይህ ርቀት ደግሞ ወደ ሌላ ክንፍ ወይም በመካከሉ ወዳለው ገደላማ ቦይ ለመግባት ይበቃል። ዛፍ የሌለው ኮረብታ ላይ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፤ ደን ውስጥ ግን ዛፎቹ ሸለቆውን ስለሚጋርዱት ግማሽ መንገድ ወርዳችሁ እንኳ ላታውቁት ትችላላችሁ። ስለዚህ አሻሚው ወገን መውጫ ይሁን፤ መውረጃው ደግሞ በካርታም በመሬትም ላይ በግልጽ የሚለይ ይሁን።

ጥያቄ፦ መውረጃው ግልጽ ካልሆነና ከታች ድልድዩን ማግኘት ካለብን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ኮምፓሱን በቀጥታ ወደ ድልድዩ አያነጣጥሩት። በትክክል ወደ ድልድዩ አነጣጥረው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ድልድዩ ካልታየዎት፣ በስተላይ ይሁን በስተታች የሚያውቁበት መንገድ የለም። ከመጀመሪያው ሆን ብለው ከድልድዩ ወደ ወንዙ ራስጌ ያዘነብሉ፤ ለምሳሌ 200 ሜትር ያህል። ያን ጊዜ ወንዙን እንዳገኙ ያለ ጥርጥር ወደ ግርጌ ይታጠፋሉ፤ ድልድዩም ከፊትዎ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ጉዞ ወንዙ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ታማኝ መስመር ነው። ረጅም ስለሆነ አይሳትም፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

ጥያቄ፦ 14 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 700 ሜትር አቀበት ያለው ዙር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ያገለግላል። በዛሬው አለካክ በየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በየ600 ሜትር አቀበቱ ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይታሰባል። ባሉት ቁጥሮች መሠረት ርቀቱ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ አቀበቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወስዳል፤ በድምሩ ለ4 ሰዓት 2 ደቂቃ ጉዳይ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ጠንካራ ሰው በመልካም መንገድ ላይ ሳያርፍ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። በደን ውስጥ ሥርና የወደቀ ግንድ አለ፤ ካርታ ለማየትም መቆም ይኖራል፤ ስለዚህ እኔ ግማሹን ጨምሬ 6 ሰዓት አስባለሁ። ከጨለማ በፊትም 2 ሰዓት ትርፍ እተዋለሁ። የሸለቆው ግርጌ ኮረብታው ፀሐይዋን ስለሚጋርደው ከተረተሩ ቀድሞ ይጨልማል፤ ከዛፍ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የመመለሻ ሰዓታችሁ ከዚህ ስሌት የሚወጣ ነው፤ ስሜት አይወስነውም።

ጥያቄ፦ መንገዱ ከባድ ነው?

መልስ፦ የትኛው መንገድ? ርዝመቱን፣ የአቀበቱን ድምር፣ የመሬቱን ዓይነትና ከዚህ በፊት የተጓዙትን ካልነገሩኝ የምሰጥዎ መልስ ግምት ብቻ ይሆናል፤ በሰው ደኅንነት ጉዳይ ደግሞ አልገምትም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ካርታ አለኝ። የወረቀት ካርታ ለምን ያስፈልገኛል?

አንድ አባል፦ አያስፈልግም። ካርታው አስቀድሞ ከወረደ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የወረቀት ካርታ ይዘው የጠፉ ሰዎችንም አይቻለሁ።

ሌላ አባል፦ ባትሪ ሲያልቅስ? ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ስልኩ ኔትወርክ በመፈለግ ብቻ ባትሪውን ይጨርሳል።

የመጀመሪያው አባል፦ ለዚህም የበረራ ሁነታ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ጂፒኤሱም አይቋረጥም። ወረቀትም ዝናብ ያበሰብሰዋል።

ሦስተኛ አባል፦ እኔ የተጓዝኩበትን ርቀት ስልኬ ሁልጊዜ አብዝቶ ያሳየኛል። ይህስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ ላቁመው፤ ሁለታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው፤ ነገር ግን የጥያቄው ፍሬ አልተነካም። በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ሰማዩ ስለሚጠብ ስልኩ የሚያያቸው ሳተላይቶች ያንሳሉ፤ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል ምልክቱን ያዳክመዋል፤ ምልክቱም ከገደል ፊትና ከግንድ ተላትሞ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ያላችሁበት ነጥብ ይዘላል። ሦስተኛው አባል የጠየቁት የርቀት ብዛትም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ዝላዩ ሁሉ እንደ እርምጃ እየተቆጠረ ይደመራል። የወረቀት ካርታ ዋና ጥቅሙ ግን ዙሩን በሙሉ፣ መውጫዎቹንና አቋራጭ መመለሻዎቹን በአንድ እይታ ማሳየቱ ነው። በ1፡25,000 ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣቶቻችሁን ብቻ አስቀምጣችሁ የቀረውን መለካት ትችላላችሁ። ሁለቱንም ያዙ።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ጫማ ይመክራሉ?

መልስ፦ ሶሉ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ቀድሞ የተለማመዱት፣ ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ከፊቱ የማይጋጭበት። የምርት ስም አልመክርም።

ጥያቄ፦ መሻገሪያው ድልድይ ከሌለው ወንዙን እንዴት እንሻገር?

መልስ፦ አስቀድማችሁ መሻገር ይገባችሁ እንደሆነ ወስኑ። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በእግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠዋት በጸጥታ የተሻገራችሁት ወንዝ ጥቂት ሲፈጥን ፈጽሞ ሌላ ወንዝ ነው። እንጨት ወርውሩበት፤ እንጨቱ ከእርምጃችሁ ፈጥኖ ከሄደ አትግቡ። ውሃው ከጉልበት በላይ ሆኖ ከፈጠነም አትግቡ። ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ ወይም የድንጋይ መንከባለል ከተሰማችሁ፣ ከራስጌው ጎርፍ እየመጣ ሊሆን ስለሚችል ከዳርቻው ወደ ከፍታ ውጡ።

ለመሻገር ከወሰናችሁ ወንዙ የሰፋበትን ቦታ ምረጡ። የጠበበው አጭር መስሎ ያታልላል፤ ነገር ግን ውሃው ጥልቅና ፈጣን የሚሆነው እዚያ ነው። የመጠምዘዣው የውጭ ወገን ጥልቅ ስለሆነ መጠምዘዣ ላይ አትሻገሩ። የጀርባ ቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ ቦርሳው ወደ ታች እንዳይዛችሁ። ጫማችሁን አታውልቁ፤ ባዶ እግር ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ፊታችሁን ወደ ራስጌው አድርጋችሁ፣ ምርኩዝ ከፊታችሁ ተክላችሁ፣ አንድ እግር ሳይጸና ሌላውን ሳታነሡ፣ በጥቂቱ ወደ ግርጌ እያዘነበላችሁ ተሻገሩ። ከመሻገሪያው በታች ፏፏቴ ወይም የተደራረበ ግንድ ካለ ቦታው መሻገሪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ላይ አልነበርኩም። ዙሩ በቀኝ ነው በግራ የሚጀመረው?

መልስ፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት። በአጭሩ፦ መሻገሪያው አስቀድሞ፣ ቀጥ ያለው ወገን መውጫ፣ ግልጹ ወገን መውረጃ።

ጥያቄ፦ ደኑ ውስጥ ብንጠፋ ጅረት ተከትሎ መውረድ ነው የሚሻለው?

አንድ አባል፦ አዎን፤ ጅረት ሁሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዝ ዳርም መንገድ አለ።

ሌላ አባል፦ እኔ ደግሞ የሰማሁት ወደ ላይ ወጥቶ ማየት እንደሚሻል ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ በደን ውስጥ ከላይ ሆኖ ምን ይታያል? ዛፍ ብቻ።

መልስ፦ ጅረት ወደ ወንዝ መውረዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተዳፋት ላይ ያለ ጅረት የሚወርደው በፏፏቴና በጠባብ ቦይ ነው። የከፍታ መስመሮቹ ልዩነት 20 ሜትር በሆነበት ካርታ ላይ የ15 ሜትር ገደል ሊደበቅ ይችላል። ሰው አንዱን እርከን ተንሸራትቶ ይወርድና ቀጣዩን መውረድ ያቅተዋል፤ የወረደውንም መልሶ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ጅረት አትከተሉ።

በመጀመሪያ ቁሙ። ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ የሚል ስሜት በደን ውስጥ አይታመንም። በጀርመን ቱቢንገን የሚገኙ የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በማያውቁት ደን ውስጥ ቀጥ ብለው እንዲጓዙ ከተነገራቸው ሰዎች መካከል ፀሐይ በደመና የተሸፈነችባቸው ዞረው የራሳቸውን ዱካ ሲያቋርጡ፣ ፀሐይ የምትታያቸው ግን ቀጥ ብለው ተጉዘዋል። ስለዚህ ከቆማችሁ በኋላ በእርግጠኝነት የምታውቁት የመጨረሻው ቦታ የት እንደነበረ አስቡ፤ ከዚያ ወዲህ የተጓዛችሁት ደቂቃ ጥቂት ከሆነ በመጣችሁበት ወደዚያው ተመለሱ። ያ ካልተቻለ ኮምፓስ ይዛችሁ ወደ ተረተሩ ውጡ። አባሉ እንዳሉት ከላይ ዛፍ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የምትፈልጉት እይታውን አይደለም። አስቀድሜ እንዳልኩት ክንፎቹ ወደ ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ ከካርታው ጋር የሚገጥም ቦታ ለማግኘት ቀላሉ አቅጣጫ ወደ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የጅረቱ ውሃ ጥሩ ከሆነ ይጠጣል?

መልስ፦ ጥራቱ በዓይን አይታወቅም። ፈልቶ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለአንድ ቀን ግን ከቤት ይዞ መውጣት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ተረተሩ ላይ ሳለን ነጎድጓድ ቢጀምርስ?

መልስ፦ ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፤ 3 ሴኮንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ከተረተሩ ለመውረድ ጊዜው ደርሷል። ለብቻው ከቆመ ወይም ከሌሎቹ በቁመት ከላቀ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ዝቅ ባለ ቦታ እኩል ቁመት ባላቸው ዛፎች መካከል መሆን የተሻለ ነው፤ ፍጹም መጠጊያ ግን አይደለም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ተረተሩ አትመለሱ። ይህ ጊዜ ከሰዓታችሁ ላይ እንደሚቀነስም አትርሱ፤ የመመለሻው ሰዓት ካርታው ላይ ይጻፍ የምለው ስለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ መዥገር ቢነክሰኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከታየ ሐኪም ይጠይቁ፤ ይህ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምሄደው። የምሄድበትን ለሰው መናገር ይበቃል?

መልስ፦ «ወደ ኮረብታው ሄጃለሁ» ማለት አይበቃም። የዙር ጉዞ ሁለት አቅጣጫ ስላለው ፈላጊ በተሳሳተው ወገን ከጀመረ ለሰዓታት ይዘገያል። ስለዚህ በጽሑፍ ይተዉ፦ መነሻው፣ የሚዞሩበት አቅጣጫ፣ የሚሻገሩበት ቦታ፣ የሚመለሱበት ሰዓት፣ እንዲሁም ያ ሰው እርዳታ መጥራት የሚገባው ሰዓት። ፊሽካ ይያዙ። በተራሮች የተለመደው የአደጋ ምልክት በ1 ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ መንፋት፣ 1 ደቂቃ ማረፍና እንደገና መጀመር ነው፤ ምላሹም በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። ሌሊት በባትሪ ብርሃንም እንዲሁ ይደረጋል። መንገድ ላይ ሐሳብዎን ለውጠው በሌላ ወገን ከዞሩ፣ ኔትወርክ ባለበት ተረተር ላይ ሆነው መልእክት ይላኩለት፤ በሰላም ሲመለሱም ልብስ ከመቀየርዎ በፊት ለዚያ ሰው ይደውሉ።