ጅማ ላይ ሰራተኛ ከየት ይገኛል ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት፣ ቁርስ ቤት ልከፍት ነው ሰራተኛ በደላላ ልያዝ ወይስ ዘመድ ላምጣ ነው ያልሽው አይደል? እኔ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለኝ፣ ሁለቱንም ሞክሬ በሁለቱም የተቃጠልኩ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ደላላ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም ግን አስቢው፣ ኮሚሽን የሚያገኘው ልጅቷ ስትቀጠር ነው እንጂ ስትቆይለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ በአንድ ደላላ አራት አስተናጋጅ አመጣሁ፣ አንዷም ሁለት ወር አልሞላችም፣ አራተኛዋ ስትሄድ ነው የነገረችኝ፣ ለካ ራሱ እየደወለ የተሻለ ቦታ አለ እያለ ያነሳቸው ነበር፣ ከዛ እኔ ጋ አዲስ ልኮ እንደገና ይቀበለኛል።

ዘመድ ደግሞ የአክስቴን ልጅ ካሸር አድርጌ ነበር፣ ስራ ትችላለች ግን ሂሳብ ሲጎድል ማንን ትጠይቂያለሽ? ብጠይቃት አክስቴ ታኮርፋለች፣ ዝም ብላት ሌሎቹ እያዩኝ ነው። እስካሁን በዓል ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

የሰራልኝ ያላሰብኩት ነው። እቃ የምታጥብልኝን ልጅ፣ ሁለት አመት አብራኝ የቆየች ናት፣ አንድ ቀን እንዳንቺ ያለ ሰው ታውቂያለሽ አልኳት። ሶስት ቀን አሰበችበት! እህት አለችኝ ግን እሷን አላመጣብሽም ሰነፍ ናት ብላ ጎረቤቷን አመጣችልኝ። ያቺ ጎረቤት ዛሬ ካሸሬ ናት። ደላላ ሰው ሲያመጣ ስሙ አይነካም፣ ይቺ ግን ነገም እኔ ጋ ነው የምትውለው፣ የምታፍርበትን ሰው አታመጣም። ገና ስለምትከፍቺ የራስሽ ሰራተኛ ላይኖርሽ ይችላል፣ እንግዲያው አንድ የምታምኛትን ብቻ ፈልጊ፣ ቀሪዎቹን እሷን ጠይቂያት።

ከመቅጠርሽ በፊት ሶስት ቀን እየከፈልሽ ሞክሪያት፣ አንዱ ቀን የግድ ሐሙስ ይሁን። የገበያ ቀን ከየገጠሩ ሰው ይገባል፣ ሁሉም በአንዴ ነው የሚያዘው፣ አፋን ኦሮሞ የማትችል አስተናጋጅ ከሆነች እዛው ይታይሻል፣ ዝርዝር ብር ጠፍቶ ደንበኛ ሲቆጣ እንዴት እንደምትመልስም ታያለሽ። እኔ ኢንተርቪው ላይ ምላሷ ማር የሆነች ልጅ ሐሙስ እለት ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ።

ወረቀቱን አትናቂው፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ነው ግን በጽሁፍ ካልሆነ አይቆጠርልሽም። ተያዥም ያዢ። ቋሚ ስታደርጊያቸው ጡረታ ካንቺ 11 ከነሱ 7 ፐርሰንት አለ፣ ደመወዝ ከመናገርሽ በፊት አስይው፣ እኔ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለቅዳሜና እሁድ አሪፍ ናቸው፣ ፈተና ሲደርስ ግን የሉም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥቅምት ላይ እንዳትከፍቺ። ቡና ለቀማ ሲጀመር በዙሪያችን ባሉት ቡና አብቃይ አካባቢዎች፣ ማና፣ ጎማ፣ ሊሙ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ይሄዳል፣ አንዴ በአንድ ሳምንት ሶስት ሰው አጥቼ እቃ ራሴ አጥቤያለሁ። አሁን በተራ አስር አስር ቀን እሰጣቸዋለሁ፣ ሄደው ይመለሳሉ፣ እንዳውም ቡና ይዘውልኝ ይመጣሉ።

የምትከፍቺው የት ሰፈር ነው ግን? ፈረንጅ አራዳ ከሆነ እኔ ጋ የነበረች ጎበዝ ጋጋሪ እዛ ነው የምትኖረው፣ ስራ ላይ ካልሆነች ጠይቄ ኢንቦክስ አደርግልሻለሁ።