ጥያቄና መልስ፦ ቲኬቱ ላይ ያለው የማን ሰዓት ነው?

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአውሮፕላን ናቸው። የማይዘገየውን ላስቀድም።

«ቲኬቴ ማክሰኞ 00:30 ይላል። ማክሰኞ ማታ ቦሌ ብደርስ ይበቃኛል?» (ከደብረ ማርቆስ)

ኧረ አይበቃህም! ማክሰኞ ማታ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። በቲኬት አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የአንተ በረራ ሰኞ ለማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድመህ ለመድረስ ሰኞ ከምሽቱ 3:30 ቦሌ መገኘት አለብህ። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ስለምትመጣ፣ እኔ ብሆን እሑድ ገብቼ አድር ነበር። ዓባይ በረሃ ላይ አንድ ሲኖትራክ ከተበላሸ ማን ያሳልፍሃል? ወሩና ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጆቹ ነው፤ ዘመድ ሊሸኝህ ከሆነ ቀኑን ወደ እኛ መልሰህ ንገረው።

«ልጄ ዋሽንግተን ስትሄድ 17 ሰዓት ገደማ ፈጀባት። ስትመጣ ግን በ13 ሰዓት ገባች። መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?» (አንዲት እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

ርቀቱማ ያው ነው እናቴ፤ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ትልቁ ምክንያት ግን የራሳችን ደጋ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሰው፣ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ከዚያ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ሮምም ደብሊንም ለዚህ ማረፊያ ሆነው ያውቃሉ። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ሲመለስ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

«ዋሽንግተን ስሄድ፣ ወንበሩ ላይ ባለው ስክሪን አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ሲዞር አየሁ። ቀጥታ ለምን አይሄድም?» (ከዳንግላ)

ቀጥታ እየሄደ ነው። ምድር ድቡልቡል ናት፤ ካርታው ግን ጠፍጣፋ ነው። ትምህርት ቤት ሉል ካለ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሮ ማየት ነው። ክሩ በሜዲትራኒያን በኩል ወጥቶ ፖርቱጋልን ነክቶ ይሄዳል።

«አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ካሉ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለምን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል?» (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ጥሩ ሒሳብ ነው። በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማርቆስ በኩል በመኪና ከ550 ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ሰዓቱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ነው። ከዚያ ይነዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ይወጣል፣ ወዲያው ደግሞ መውረድ ይጀምራል። በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ባለ ፕሮፔለሩ ከሆነማ ፍጥነቱ ራሱ 800 አይደርስም።

«ዱባይ 4 ሰዓት ነው አሉኝ። መነሻና መድረሻውን ሳሰላ ግን 5 ሆነብኝ።» (ከሞጣ)

በረራው 4 ገደማ ነው፤ ርቀቱም ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ መድረሻው የሚጻፈውም በዱባይ ሰዓት ነው። የመመለሻውን ብታሰዪው 3 ይመጣልሻል።