ያው መንገድ፣ ሌላ ቀን፦ አኒሜሽን ለመሥራት ለምትነሡ ልጆች

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በጊዜ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ታሪክ በአኒሜሽን ልሥራ ብሎ የሚነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሥለው ዝላዩን ነው፤ መብረቁን፣ የሚሽከረከረውን ብርሃን፣ የሚሰባበረውን ሰዓት። ይህን ለኋላ አቆዩት። በእንዲህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ከባዱ ነገር መድረሻው ነው። ባለታሪኳ የምትመለስበትን ቦታ ተመልካቹ ከደቂቃዎች በፊት አይቶታል። አሁን ሲያየው «ይህን አውቀዋለሁ» ማለት አለበት፤ የተለወጠችውን አንዲት ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግረው ራሱ ማግኘት አለበት። ይህ ካልሆነ ስንት ብርሃን ብታፈነዱ ጊዜው አልተመለሰም።

ለዚህ የምመክራችሁ መማሪያ ማሞሩ ሆሶዳ ያዘጋጀው፣ ማድሃውስ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ የሠራው «ቶኪ ኦ ካኬሩ ሾጆ» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ጊዜን የምትዘለው ልጅ» ብንለው ያስኬዳል። 98 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2006 ነው። አንድ ጊዜ ለደስታችሁ እዩት። ሁለተኛ ስታዩት ድምፁን ዘግታችሁ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ፣ አንድ ቦታ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ቁጠሩ።

መነሻው ያሱታካ ጹጹዪ በ1960ዎቹ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። ከዚህ አኒሜሽን በፊትም በ1983 በተዋንያን ፊልም ተሠርቶ ብዙ ጃፓናዊ ያውቀው ነበር። ሆሶዳና የስክሪፕት ጸሐፊዋ ሳቶኮ ኦኩዴራ የታወቀውን ታሪክ እንደገና አልተረኩትም። የቀድሞዋን ባለታሪክ ካዙኮን አክስት አደረጓት፤ በሙዚየም ውስጥ ያረጁ ሥዕሎችን የምትጠግን ዝምተኛ ሴት ሆነች። ታሪኩን ለእህቷ ልጅ ለማኮቶ ሰጡት። የታወቀ ተረት ወይም መጽሐፍ ወደ ፊልም ልታመጡ ካሰባችሁ ይህን መንገድ አስቡበት፦ የድሮው ሰው በሕይወት ይኑር፣ ያወቀውን ይወቅ፣ ቦታውን ግን ለአዲስ ሰው ይልቀቅ። አሮጌውን ወዳጅ ተመልካች አያስቀይምም፤ ምንም የማያውቀውንም ደጅ አያስቀረውም።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ማኮቶ በትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክፍል ውስጥ ወድቃ የዋልነት ፍሬ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ላይ ታርፋለች። የዚያኑ ቀን የብስክሌቷ ፍሬን እምቢ ብሎ ከቁልቁለቱ ወደ ባቡር መሻገሪያው ይዟት ሲወርድ፣ ሞተች ስንል ጥቂት ቅጽበት ወደ ኋላ ተመልሳ እናገኛታለን። ከዚያ በኋላ መዝለል ስትፈልግ በአካሏ ሮጣ መዝለል አለባት፤ ስትደርስም ተንከባልላ ከአንድ ነገር ጋር ትጋጫለች። ክንዷ ላይ ቁጥር አለ፤ በዘለለች ቁጥር ይቀንሳል። ሕጉ ይኸው ነው። ሁሉም በዓይን ይታያል፤ ማንም ቆሞ የሚያብራራው አብዛኛው ክፍል ካለፈ በኋላ ነው። እናንተም ሕጋችሁን በሦስት ዐረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ሥዕል አትጀምሩ። ምን ያስዘልላል? ምን ያስከፍላል? መቼ ያልቃል?

ዋጋ የሌለው ዝላይ ታሪኩን ይገድለዋል። ልጅቷ ሁሉን ነገር ያለ ገደብ ማስተካከል ከቻለች የምንፈራላት ነገር የለም። ኦኩዴራ ቁጥሩን ክንዷ ላይ አስቀምጣ፣ ልጅቷ ግን ሳታውቀው በካራኦኬ ሰዓት ለማራዘምና የተበላባትን ፑዲንግ ቀድማ ለመብላት እንድታባክነው አደረገች። እንዲህ ስትቀልድ አብረናት እንስቃለን፤ ቁጥሩ ሲያልቅ የሚደነግጠውም ያ የሣቀው ሰው ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ ሌላ ሰው ጊዜውን ሲመልስ፣ እሷ የመጨረሻውን ዝላይ ካጠፋችበት ቅጽበት በፊት ስለተመለሰ፣ ክንዷ ላይ 01 እንደገና ይገኛል። ይህ ከሰማይ የወረደ ዕድል አይደለም፤ ከሕጉ የወጣ ሒሳብ ነው። እንዲህ ዓይነት መፍትሔ የሚገኘው ደብተሩን በትክክል ለያዘ ሰው ብቻ ነው።

ደብተሩን እንዲህ ያዙት። ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርቶን ለጥፉና አምስት ዓምድ አስምሩበት፦ በታሪኩ ውስጥ ያለው ቀንና ሰዓት፣ ባለታሪኳ ያንን ሰዓት ስታሳልፈው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ፣ ባለታሪኳ በዚያን ጊዜ የምታውቀው፣ የቀራት ዝላይ፣ በዓይን የሚታየው ምልክት። የመጨረሻው ዓምድ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን እዚያ ነው። የግድግዳው ሰዓት፣ የፀሐይዋ ማዕዘን፣ የልብሱ እጅጌ፣ ጉልበት ላይ ያለው ፕላስተር ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ፕላስተሩ ከመዝለሏ በፊት ከነበረና ከተመለሰች በኋላም ካለ፣ ሰውነቷ ከነቁስሉ ይጓዛል ማለት ነው። ከሌለ ሐሳቧ ብቻ ነው የሚጓዘው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት። ተመልካች ሕጉን ይቀበላችኋል፤ መወላወሉን ግን አይቀበላችሁም።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ከሁሉም የምወደው ነው። የጃፓን ሠሪዎች «ዶፖጂ» የሚሉት ዘዴ አለ፤ ያንኑ ዳራ፣ ማለትም ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን የቦታ ሥዕል፣ በዚያው ማዕዘን፣ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በሌላ ትዕይንት ደግሞ መጠቀም ነው። በተከታታይ የቴሌቪዥን ሥራ ወጪ ለመቀነስ ይጠቅማል። ሆሶዳ ግን ትርጉም ሰጠው። ቺያኪ የተባለው ጓደኛዋ ማኮቶን በብስክሌት አፈናጦ እየሄደ ፍቅሩን ሲገልጽላት ትደነግጥና ጊዜውን ትመልሰዋለች፤ ወሬ ታስለውጣለች፤ እሱ ግን መልሶ እዚያው ይደርሳል፤ ደግማ ትመልሰዋለች። ቦታው አልተለወጠም፣ ማዕዘኑ አልተለወጠም። ስለዚህ ዓይናችን የሚያርፈው በልጅቷ ትከሻና በልጁ ድምፅ ላይ ብቻ ነው። ካሜራው በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ማዕዘን ቢፈልግ ኖሮ ያ ሽሽት አይታየንም ነበር።

ይህን ስትሠሩ መጀመሪያ አንድ ሌይአውት፣ ማለትም ዳራውና ሰዎቹ የት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ንድፍ፣ ብቻ ሣሉ። ካት ማለት ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው አንድ ቁራጭ ነው፤ ሥዕሎቹ በሚቀመጡበት ፖስታ ላይ ለምሳሌ «ዳራው ከካት 41 ጋር የጋራ» ብላችሁ ጻፉ። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ የዳራውን ፋይል ቆልፉና ሁሉም ካቶች ከአንድ ቦታ እንዲጠሩት አድርጉ፤ ለየካቱ እየገለበጣችሁ አታስቀምጡ። ቅጂው ሲበዛ አንዱ ቀለሙ ይታረምና ሌላው ይቀራል። በወረቀት የምትሠሩ ደግሞ ወረቀቶቹን በቀዳዳቸው በኩል አንድ ቦታ ላይ የሚይዘውን የቀዳዳ መያዣ ሳትጠቀሙ ስካን አታድርጉ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ትልቁ ስክሪን ላይ ዳራው ይዘላል፣ ተመልካቹም የታሪኩ ፍንጭ መስሎት ይሳሳታል። ብርሃኑን መለወጥ ከፈለጋችሁ ዳራውን ዳግም አትሣሉት፤ ከላዩ ላይ በተለየ ንብርብር ቀለም አልብሱት።

ስለ ብዛት ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 የቆሙ ምስሎች፣ ነው። 98 ደቂቃ 5,880 ሰከንድ፣ ማለትም 141,120 ፍሬም ይሆናል። ጃፓኖች ግን አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሦስት ፍሬም ያቆዩታል፤ ስለዚህ በሰከንድ 8 ሥዕል ይበቃል። በፈጣን ሩጫ 12 ወይም 24 ያደርጉታል፣ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ደግሞ አፉና ዐይኑ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። አፍ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቅርጽ ብቻ አለው፦ የተከፈተ፣ ግማሽ፣ የተዘጋ። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው የጊዜ ሠንጠረዡ ነው፤ አንዱ ገጽ 6 ሰከንድ፣ 144 ረድፍ ይይዛል፤ የትኛው ሥዕል ለስንት ፍሬም እንደሚቆይ በየንብርብሩ ይጻፍበታል። ሠንጠረዡን ሳይሞሉ መሣል ብዙ ሥዕል ያስጥላል።

የፊልሙን ልጆች ፊት ደግሞ ተመልከቱ፤ ጥላ የላቸውም። የገጸ ባሕርያቱን መልክ የነደፈው ዮሺዩኪ ሳዳሞቶ ነው፤ ሆሶዳ ፊታቸው ላይ የጥላ ቀለም አያስቀባም። ጥላ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ በባለቀለም እርሳስ የሚሰመር ተጨማሪ መስመር ነው፤ በቁልፍ ሥዕሎች፣ ማለትም የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና ቦታዎች በሚያሳዩት ሥዕሎች፣ መካከል ያሉትን የሚሥለው ሰው ሁሉ ያንን መስመር በየወረቀቱ መከተል አለበት። ጥላው ሲቀር የተረፈው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴው ይሄዳል። ማኮቶ ስትሮጥ ክንዷ እንዴት እንደሚወናጨፍ፣ ወደ መጨረሻው ስትሮጥ ትንፋሿ እንዴት እንደሚቆራረጥ እዩ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፦ ቀለሙን ቀንሱ፣ ሩጫውን አሳምሩ።

ጥልቀቱን የሚሰጠው ዳራው ነው። የጥበብ ዳይሬክተሩ ኒዞ ያማሞቶ ቀደም ሲል ጂብሊ በተባለው ታዋቂ የጃፓን አኒሜሽን ስቱዲዮ ሥራዎች ላይ የሠራ፣ በተለይ በደመናው የታወቀ ሰው ነበር፤ በ2023 አርፏል። የጃፓን ዳራ ሠዓሊዎች በልማድ የሚጠቀሙት በውኃ የሚበጠበጠውን ፖስተር ቀለም ነው። ወረቀቱን በውኃ አርሰው ሰማዩን ሳይደርቅ ይቀባሉ፣ የደመናውን ጠርዝ ግን ከደረቀ በኋላ ይሥሉታል። ቀለሙ ሲደርቅ መልኩ ስለሚለወጥ አስቀድማችሁ በቁራጭ ወረቀት ሞክሩት። የማኮቶ የበጋ ሰማይ ሰፊና ጥርት ያለ ነው፤ ጥላ የሌላቸው ልጆች ከሱ ሥር ሲቆሙ ትንሽነታቸው ይታያል።

ድምፁን በአጭሩ ልለፈው። በጃፓን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሚቀዳው ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ ነው። የማኮቶን ድምፅ የሰጠችው ሪሳ ናካ ፊልሙ ሲወጣ 16 ዓመቷ ነበር፤ በአኒሜሽን ድምፅ የሠለጠነች ባለሙያም አልነበረችም። ሳቋና ልቅሶዋ ያልተሞረደ መሆኑ ለፊልሙ በጀው። ለወጣት ገጸ ባሕርይ ወጣት ፈልጉ፤ ግን ከመቅዳታችሁ በፊት ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ጸጥ ያለ ክፍል አዘጋጁ፤ የሚያስተጋባ ድምፅ በኋላ በቀላሉ አይጠገንም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ያለውን ነገር ወጣቶች ይንቁታል። ይህ ፊልም በዚያ በጋ ብዙ ማስታወቂያ ካላቸው ፊልሞች ጋር ነው የወጣው፤ የጂብሊው «ጌዶ ሴንኪ» በዚያው ወር መጨረሻ ወጥቷል። አከፋፋዩ ካዶካዋ ሄራልድ ፊልሙን የከፈተው በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበር። ያየው ሰው ለጓደኛው ነገረ፣ በኢንተርኔት ተጻፈ፣ በቶኪዮ ቴአትር ሺንጁኩ በተባለው ሲኒማ ወንበር ሞልቶ ቆመው የሚያዩ ተገኙ። ከዚያ የሚያሳዩት ሲኒማ ቤቶች በመላ ጃፓን ከ100 አለፉ። በዚያው ዓመት በስፔን የሲቼስ ፌስቲቫል የምርጥ አኒሜሽን ሽልማት አገኘ፤ በ2007 የጃፓን አካዳሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውን የዓመቱ አኒሜሽን ሽልማት ወሰደ። ሆሶዳ፣ ኦኩዴራና ሳዳሞቶ በ2009 እና በ2012 በወጡት ሁለት ፊልሞችም አብረው ሠርተዋል። ከእናንተ ጋር በደንብ የሠራ ሰው ስታገኙ አትልቀቁት።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ስሙ። በጃፓን በቁልፍ ሥዕሎች መካከል ያሉትን የሚሥል ጀማሪ ለረጅም ጊዜ የሚከፈለው በሥዕል ቁጥር፣ ለአንዱ 200 የን ገደማ ነበር። በዚህ ኑሮ አይቆምም፤ ብዙ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆችም ሙያውን ጥለው ወጥተዋል። ጓደኞቻችሁን ስታሠሩ ስንት ሥዕል፣ በስንት ቀን፣ ለስንት ብር እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ተስማሙ።

ለመጀመሪያ ሥራችሁ 60 ሰከንድ ይበቃል። አንድ ዳራ፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት ዙር። 60 ሰከንድ 1,440 ፍሬም ነው፤ ሁሉም ቢንቀሳቀስ 480 ሥዕል ይሆናል። የሚደገመውን እንቅስቃሴ ደግማችሁ ብትጠቀሙና ዝምታውን ብታስረዝሙ ግን በ200 ይጠናቀቃል። በቀን 15 ንጹሕ ሥዕል ለሚያወጣ ጀማሪ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ለሶፍትዌር ገንዘብ አታውጡ፤ ኦፕንቱንዝ ነፃ ነው፣ ጂብሊ ይጠቀምበት ከነበረው ቱንዝ የመጣ ሲሆን በ2016 ለሁሉም ተለቅቋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትሠሩ በየ10 ደቂቃው አስቀምጡ፤ በየማታውም ወደ ሁለተኛ ዲስክ ገልብጡ።

ስታወጡት ፍጥነቱን ተጠንቀቁ። ለሲኒማ 24 ፍሬም ነው፤ የእኛ አገር ቴሌቪዥን ግን በ25 ነው የኖረው። 10 ደቂቃ በ24 የተሠራ ፊልም በ25 ሲጫወት 24 ሰከንድ ያጥራል፤ ድምፁም ካልተስተካከለ ይቀጥናል። ስለዚህ ዋናውን በ24 ያዙና ለጣቢያው የሚላከውን ለብቻ አውጡ። ድምፁን በ48 ኪሎኸርትዝ ቅዱ። ለፌስቲቫል የምትልኩትን ፊልም ከውሳኔው በፊት ዩቲዩብ ላይ አትጫኑት፤ አንዳንዶቹ በይፋ የታየ ሥራ አይቀበሉም። ንግግሩን የሚተረጉመውን የግርጌ ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር አታጣብቁት፤ በተለየ ፋይል ላኩት፣ ፌስቲቫሉ በራሱ ቋንቋ ማስገባት ሊፈልግ ይችላልና።