መብራት ሲጠፋ እርጥበቱ ለምን ያሻቅባል?

ጥያቄ፦ ወርዱም ጎኑም 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር በሆነ የቤት ውስጥ ማብቀያ ድንኳን ቲማቲምና በሶብላ አለኝ። ቀን መለኪያው 26 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ያሳያል። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 18 ሲወርድ እርጥበቱ ከ90 ያልፋል። ጠዋት ቅጠሉ ጤዛ ነው፤ የታችኞቹን ግራጫ ሻጋታ ጀምሯቸዋል። ውሃ ብቀንስም ለውጥ የለም። አየር ማውጫው ፋን ከመብራቱ ጋር በአንድ ታይመር ይሠራል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጣጣው ያለው እዚያ ታይመር ላይ ነው። ውሃ መቀነስዎ ቲማቲሙን ከማስጠማት ሌላ ብዙም አልፈየደም።

አየር ሲቀዘቅዝ ተን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በ26 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 24.4 ግራም ያህል ይይዛል፤ የእርስዎ 60 በመቶ እንግዲህ 14.6 ግራም መሆኑ ነው። በ18 ዲግሪ ግን አቅሙ 15.4 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ጠብታ ሳይጨመርበት 95 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ላይ ፋኑ ቆሟል፣ አፈሩም መትነኑን አይተውም። ግራጫው ሻጋታ ደግሞ ለመብቀል የሚፈልገው ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል ነው።

ፋኑን ከታይመሩ ነጥለው ቀንም ሌሊትም ያሠሩት፤ ሌሊት ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የድንኳኑ ይዘት 2.9 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አየሩ በየደቂቃው አንዴ እንዲቀየር በሰዓት 175 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ካርቦን ፊልተር (ሽታ ማጣሪያ) እና የተጣጠፈ ቱቦ ካለ ጉልበቱ ስለሚቀንስ 230 አካባቢ የሚያወጣ ይምረጡ። የታችኛው መግቢያ ክፍት ይሁን። የድንኳኑ ጎን በትንሹ ወደ ውስጥ ከተሳበ ፋኑ እየሠራ ነው፤ ወደ ውጭ ከተነፋ ማውጫው ተዘግቷል ወይም የሚገባው አየር በዝቷል።

ቀጥሎ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይቀንሱ። 21 ዲግሪ ላይ ቢያቆሙት ያው 14.6 ግራም ተን 80 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማሞቂያውን ግን ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን አየር በሚሳብበት ክፍል ያስቀምጡ፤ ጨርቅና ማሞቂያ አይዋደዱም።

ውሃ መብራቱ እንደበራ ያጠጡ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። የሻገተውን ቅጠል ዱቄቱ እንዳይበተን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ይቁረጡ።

እርጥበት ማስወገጃ ማሽን ለመግዛት አይቸኩሉ። የሚጠቅመው ክፍሉ ራሱ እርጥብ ከሆነ ወይም የሚወጣው አየር እዚያው ከታፈነ ነው። ያን ጊዜም ቦታው ክፍሉ ነው፤ ማሽኑ ሙቀት ስለሚለቅ ጠባብ ድንኳን ያግላል።

ጥያቄ፦ ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን ሰቅዬ አንዱ 58፣ ሌላው 71 ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሳይፈትኑ የትኛውንም። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ያድርጉና እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ብቻ ውሃ ያንጠባጥቡበት። ከሁለቱ መለኪያዎች ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ይዝጉት፤ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል 12 ሰዓት ይቆይ። ትክክለኛው ንባብ 75 በመቶ ነው። 70 ያለው መለኪያ ላይ 5 እየደመሩ ያንብቡ። ጨው እስኪሟሟ ውሃ ካበዙ ግን ንባቡ ከፍ ስለሚል ፈተናው ይበላሻል። ከዚያ መለኪያውን በቅጠሎቹ ቁመት፣ መብራቱ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ይስቀሉ፤ መብራት የሚመታው መለኪያ ስለሚሞቅ እርጥበቱን አሳንሶ ያሳያል።